ካሳ ማንን ተክቶ መጣ?

በዘመድ አዝማዳችሁ መሃል አንድ ካሳ አይጠፋም። ካሳ ባይኖር ካሳሁን፣ እሱም ባይኖር ካሳዬ፣ ካሱ ወይም መካሻ ይኖራል። ከሴቶቹም ካሰችና ካሳነሽ አሉ። ስሙን ስለለመድነው ስንጠራው ትርጉሙ ትዝ አይለንም። ቃሉን ከሰው ላይ አንሥተን ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ስንወስደው ግን ወዲያው ይገባናል። መኪናው የተገጨበት ሰው ካሳ ይጠይቃል። መሬቱ ለመንገድ የተወሰደበት ገበሬ ካሳ ይከፈለዋል። ሰው የተገደለበት ቤተሰብ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ የደም ካሳ ይቀበላል። ካሳ ለጠፋ ነገር የሚከፈል ነው። ታዲያ ገና ዓይኑን በወጉ ያልገለጠ ሕፃን የምን ክፍያ ሆኖ ነው ካሳ የሚባለው?

አያቶች መልሱን ያውቁታል። ከእሱ በፊት የሞተ ልጅ ነበር ማለት ነው። አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት። ሟቹ አባት የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ ባሏን ቀብራ ወር ሳይሞላት የወለደች ሴት ልጇን ካሳ ብትለው ማንም አይደነቅባትም። ንብረት ወድሞ ወይም የርስት ክርክር ተረትቶ ቤቱ ባዘነበት ሰሞን ለተወለደ ልጅም ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከስሙ ጀርባ ያለው የሕፃን ሞት ነው።

እኔ በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ እንጂ የቋንቋ አዋቂ አይደለሁም። ስለ ስም የማውቀውን የተማርኩት ካርድ ላይ ስም ስጽፍ ነው። በእርግዝና ክትትል ክፍል ከምንጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ስንት ወልደሻል?» የሚለው ነው። እናቶች ብዙ ጊዜ የሚነግሩን በሕይወት ያሉትን ብቻ ነው። «አራት» ትላለች። ስማቸውን አንድ በአንድ ስታስጽፈኝ በመሃል ካሳ የሚል ከመጣ ብዕሬን አስቀምጬ «ከካሳ በፊት የነበረውስ?» እላታለሁ። ዝም ትላለች፤ ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ትነግረኛለች። «እሱማ ደኅና ጠብቶ ደኅና አድሮ፣ በስምንተኛ ቀኑ አፉ ተያያዘና ጡት መያዝ አቃተው።» ይኼ መንጋጋ ቆልፍ ነው። እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ ወይም ማጭድ ተቆርጦ፣ ቅቤ ወይም እበት ተቀብቶበት ነው። ሌላዋ «እንጥሉን አስቆረጥነው፤ ደሙ አልቆም አለ» ትላለች። ሌላዋ «ኩፍኝ» ብላ ታቆማለች። ኩፍኝ ያልወጣለትን ልጅ ከልጅ የማይቆጥሩ እናቶች የነበሩበት አገር ነው። ያ ሁሉ ታሪክ «አራት» በሚለው መልስ ውስጥ አልነበረም፤ የነበረው በልጁ ስም ውስጥ ነው።

ካሳ ብቻውን አይደለም፤ ቤተሰብ ያለው ስም ነው። ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካ፣ ተካልኝ ሁሉም የሄደን ቦታ ስለመያዝ ይናገራሉ። ቢያድግልኝና ኑርልኝ ደግሞ ከስም ይልቅ ልመና ናቸው። ማስረሻ የሚለው ስም ግን እስከ ዛሬ አልዋጥልኝ ያለ ነው። ልጅ የቀበረች እናት በሌላ ልጅ ስትረሳ አላየሁም። ካሳ ከእሱ ይልቅ እውነቱን ይናገራል፤ የተከፈለ ነገር አለ ይላል እንጂ የጠፋው ተረሳ አይልም። በትግርኛም ስሙ ካሕሳይ ሆኖ አለ፤ ካሳ ማለት በትግርኛ ካሕሳ ነው። አማርኛ ከጉሮሮ የምትወጣዋን ሐ እንደ ልማዱ ዋጣትና ካሳ ቀረ።

ካሳሁን የሚለውን ልብ ብላችሁ ስሙት። ትእዛዝ ነው። የሦስት ቀን ሕፃን ተይዞ «ካሳ ሁን» ይባላል። ወደዚህ ጉዳይ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በፊት ግን የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ያሉትን ካሳዎች እናንሳ፤ አባቶች ስሙን ለልጅ ሲመርጡ ብዙ ጊዜ የሚያስቡት እነሱን ነውና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በ17 ዓመት ልዩነት ሁለት ካሳዎች የኢትዮጵያን ዘውድ ጭነዋል። የመጀመሪያው የቋራው ካሳ ኃይሉ ነው። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ባሏ ከሞተ በኋላ ተቸግራ ኮሶ ትሸጥ ነበር ይባላል፤ ጠላቶቹም የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ስድቡ ለእኔ አይገባኝም። ኮሶ ያኔ የሆድ ትል መድኃኒት ነው፤ ዛሬ ቢሆን ሴትዮዋ ፋርማሲ ከፍተዋል ይባል ነበር። ካሳ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀባ። ውቤ ያቺን ቤተ ክርስቲያን ያሠሯት ለራሳቸው ንግሥ አስበው ነበር። በዚያው ቀን ካሳ መባሉ ቀርቶ ቴዎድሮስ ተባለ፤ ፍካሬ ኢየሱስ ውስጥ ይነሣል የተባለው ፍትሕ አዋቂ ንጉሥ ስም ነው።

ሁለተኛው የተንቤኑ ካሳ ምርጫ ነው። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አደረገና በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ 4ኛ ተብሎ ነገሠ። የሁለቱ ካሳዎች መንገድ አንድ ጊዜ ተገናኝቷል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት በትግራይ በኩል መንገድ የለቀቀለትና ስንቅ እንዲያገኝ የፈቀደለት ካሳ ምርጫ ነው። ጦሩ ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ሰጥቶት ሄደ፤ በዚያ መሣሪያ ዙፋን ላይ ወጣ። መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብሎ ራሱን የሠዋው ደግሞ ያ የቀድሞው ካሳ ነው።

ሁለቱም ሲነግሡ ስሙን ትተውታል። ካሳ የዓለም ስም ነው፤ የቤት፣ የእናት ስም ነው። በዘውድ ስምነት አልተወሰደም። ሕዝቡ ግን አልተወውም። ቴዎድሮስ ዛሬም መይሳው ካሳ ነው፣ ዮሐንስም አባ በዝብዝ ካሳ። ሕዝብ ሲወድም ሲያዝንም የሚጠራው በእናት ቤት ስም ይመስለኛል።

ሦስተኛውን ካሳ ሳስብ ግን የስሙ ትርጉም ይከብደኛል። ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም የተከበሩ ሰው ነበሩ። (ስማቸው ከነአባታቸው ከቴዎድሮስ ጋር አንድ ስለሆነ ተማሪዎች ያምታቱታል።) በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሰሜን ጦር ግንባር ተዋግተው፣ ጦሩ ሲፈታ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ወንድወሰን፣ አበራና አስፋወሰን አገር ውስጥ ቀርተው ተዋጉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ሦስቱም በጣሊያኖች እጅ ተገደሉ። አበራና አስፋወሰን ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ፍቼ ላይ ነው የተገደሉት። አባትየው መርዶውን የሰሙት በስደት ነው። በስማቸው ካሳ የተባሉት ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ልጅ ያጡ አባት ሆኑ። የተረፈላቸው ወንድ ልጅ አስራተ ነበር፤ እሱንም ደርግ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከስልሳዎቹ ጋር ገደለው። ራስ ካሳ ግን ይህን አላዩም፤ ያረፉት በ1949 ዓ.ም. ነው።

ከቤተ መንግሥት ወደ ጤና ጣቢያችን ልመልሳችሁ። ሥራ የጀመርኩት ክትባት በአገራችን በተጀመረበት ሰሞን ነው። በ1972 ዓ.ም. የተጀመረው መርሐ ግብር ስድስት በሽታዎችን ይከላከል ነበር፦ ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የልጅነት ልምሻና ኩፍኝ። ኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ገቡ። በ2004 ዓ.ም. የሳንባ ምች መከላከያ፣ በ2006 ዓ.ም. ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣው የሮታ ቫይረስ መከላከያ ተጨመረ። ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤስና ዚንክ በየጤና ኬላው ተገኘ። በ1982 ዓ.ም. ገደማ ከሚወለዱ አምስት ልጆች አንዱ አምስት ዓመት ሳይሞላው ይሞት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166 እንደሚሞቱ አሳየ፤ ከስድስት አንዱ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ይኸው ቁጥር 67 ሆነ፤ ከአሥራ አምስት አንዱ።

ይህን ለውጥ እኔ በስም አየሁት። ሥራ ስጀምር ካሳና ምትኩ የሚባሉ ሕፃናት ታቅፈው ይመጡ ነበር። ጡረታ ልወጣ ስል ካሳን የምጽፈው በሁለተኛው መስመር፣ የአባት ስም ሆኖ ነው። ሕፃኑ ኖላዊ፣ አባቱ ካሳ። ስሙ ከፋሽን የወጣ ለሚመስላቸው ወጣት ወላጆች የምለው አለኝ፤ ከፋሽን አልወጣም፣ ምክንያቱ ነው የቀነሰው። ደስ ሊለን ይገባል።

ነገር ግን አልጠፋም። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሁሉ ሞቱ በዝግታ የቀነሰው በመጀመሪያው አንድ ወር ውስጥ ያለው ነው፤ በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 49 የነበረው በ2008 ዓ.ም. 29 ላይ ነበር። በማሕፀን የሚሞቱት በዚህ ውስጥ የሉበትም። ድሮ ካሳ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቆሞ ከሄደና «እማ» ካለ ልጅ በኋላ ነበር። ዛሬ የሚመጣው ስም ሳይወጣለት፣ ክርስትና ሳይነሣ ከሄደ ልጅ በኋላ ነው። ለዚህኛው ድንኳን አይተከልም፤ ጎረቤቱም «ገና ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ብሎ ይሄዳል።

ይህ በእኔም ቤት ገባ። ልጄ በስምንተኛ ወሯ ፅንሷ ሞቶባት ወለደች። በሦስተኛው ዓመት ወንድ ልጅ ተገላገለች። የባለቤቷ እናት ከደብረ ማርቆስ ገንፎውን ሊያገነፉ መጥተው፣ ሕፃኑን ገና እንደታቀፉ «ስሙ ካሳ ነው» አሉ። ልጄ ከተኛችበት ቀና ብላ «አይሆንም እማማ፤ ልጄ የማንም ክፍያ አይደለም» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። አማቾች ፊት እንዲህ አይባልም፤ እኔም ደንግጬ የገንፎውን ማማሰያ ይዤ ቀረሁ።

ሴትዮዋ ግን አልተቆጡም። «ልጄ፣ እኔ ሦስት ቀብሬአለሁ። ባልሽ ከሦስቱ በኋላ ነው የመጣው። ያኔም ካሳ ብዬው ነበር፤ አባቱ የራሱን ስም አወጣለትና ዝም አልኩ» አሉ። ከዚያም ሦስቱን በስም ጠሯቸው። የመጀመሪያው ምን ይወድ እንደነበር፣ ሁለተኛዋ በስንት ወሯ እንደሄደች ተናገሩ። አማቼ የዚያን ቀን አርባ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ከእሱ በፊት ልጆች እንደነበሩ በጅምላ ያውቃል እንጂ ስማቸውን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ አየሁት።

ሕፃኑ ካሳ አልተባለም። እኔም በዚህ ከልጄ ጎን ነኝ፤ አሁንም ብትጠይቁኝ መልሴ ያው ነው። «ካሳ ሁን» የተባለ ልጅ ሲታመም ቤቱ ሁለት ጊዜ ይደነግጣል፤ ብርድ እንዳይነካው፣ ዛፍ እንዳይወጣ፣ ወንዝ እንዳይሻገር ተብሎ ያድጋል፤ ሲያጠፋ «የሄደውማ መልአክ ነበር» ይባላል። መልአክ የሆነን ወንድም ማን ያሸንፈዋል? ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። የሆላንዱ ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ የተወለደው፣ ቪንሰንት የተባለ ወንድሙ ሞቶ በተወለደ ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ቀን ነው። የሟቹን ስም ሰጡት፤ የራሱ ስም የተጻፈበትን መቃብር እያየ አደገ። የእኛ አያቶች ቢያንስ ይህን አላደረጉም፤ ሟቹን በስሙ ተዉት፣ ለአዲሱ አዲስ ስም ሰጡት።

በሌላው ነገር ግን ከሴትዮዋ ጎን ነኝ። ካሳ የሚል ስም ባይወጣ ሦስቱ ልጆች የት ይጻፉ ነበር? ያኔ የልደትም የሞትም ምስክር ወረቀት የለ፤ ፎቶ የለ። እናቲቱ የነበራት መዝገብ የሚቀጥለው ልጅ ስም ብቻ ነው። ያም አልተፈቀደላትም። አማቼ በኋላ ሦስቱን ስሞች ከእናቱ አፍ ተቀብሎ፣ የመጽሐፍ ቅዱሳቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፋቸው። የእኔ ልጅ የራሷንም ለዚያ ገጽ ስም አወጣችለት። ስሙን ለእኔ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር፤ ይህን የማነሣው በተለይ ለአያቶች ነው። የድሮዎቹ ካሳዎች ብዙዎቹ የተወለዱት ከሟቹ በኋላ በዓመት ውስጥ ነው። ምክንያት አለው። ጡት ማጥባት እርግዝናን ያዘገያል፤ ሕፃኑ ሲሞት ግን ጡቱ ይቆማል፣ የወር አበባ ቶሎ ይመለሳል፣ ሐዘኑ ሳይወጣ ሌላ ፅንስ ይያዛል። የእናቲቱ ሰውነት ግን ደምና ጉልበቱን አልመለሰም። ተቀራርቦ የሚመጣ እርግዝና ያለ ጊዜው የመወለድንና የክብደት ማነስን አደጋ ይጨምራል፤ ስለዚህ ካሳ የተባለው ራሱ ሲሞት አይተናል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከወለዱ በኋላ እስከ ሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር፣ ፅንስ ከወረደ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 6 ወር መቆየት ነው። ስለዚህ ልጅ የሞተባትን ምራት ወይም ልጅ «ቶሎ ውለጂና እርሺው» አትበሏት። ዕድሜዋ የገፋና መቆየት የሚያሳስባት ከሆነ ከሐኪሟ ጋር ትመካከር።

ሁለተኛው ነገር መጠየቅ ነው። በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንን አስቡ። እዚህ የአባት ስም ከልጅ ልጅ በኋላ ይረሳል፤ አሜሪካና እስራኤል ግን የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀራል። ዋሽንግተን ትምህርት ቤት «ካሳ» ተብላ የምትጠራ ልጅ አለች፤ ካደገች ልጆቿም በዚያው ስም ሊጠሩ ይችላሉ። ማን ሞቶ እንደወጣ የሚያውቁት እዚህ ያሉት ሰማንያ የሞላቸው እናት ብቻ ናቸው። በስልክ ሲገናኙ «ደኅና ነሽ፣ ደኅና ነን» ተባብሎ ከመዝጋት በፊት ይጠየቁ። ከካሳ በፊት ስንት ነበሩ? ስማቸው ማን ነበር? ምን ሆነው ሞቱ?

ሦስተኛውን ጥያቄ በተለይ አትዝለሉት። የመጀመሪያው ደኅና አድጎ፣ ተከታዮቹ በተወለዱ በቀናቸው ቢጫ እየሆኑ የሞቱባት እናት ከሆነች፣ የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ የባሏ ፖዘቲቭ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ይህ ዛሬ በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል፤ በእርግዝና ጊዜና ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ በሚሰጥ መርፌም የሚቀጥለው ልጅ ይጠበቃል። እንዲህ ያለው የደም ዓይነት በዘር ስለሚወርድ ለሴት ልጆቿና ለልጅ ልጆቿም ጉዳያቸው ነው። ብዙ ወንዶች በሕፃንነታቸው የሞቱበት ቤት ከሆነም፣ ስትቆረጥ ወይም ስትገረዝ ደም አልቆም ያለበት ልጅ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በሚቀጥለው የእርግዝና ክትትል ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱና ካርዱ ላይ አስጽፉት።